በዝናብ የተለካ ሦስት ሺህ ሜትር

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ስድስት ሰዎች ነን። ሰናይት አለች፣ የመጀመሪያ ልጄ፤ ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፣ ዛሬ ቡራዩ ውስጥ ልብስ እየሰፋች የምትኖር የአንዲት ልጅ እናት ናት። ዘነበች አለች፣ ባለቤቴ፤ ነፍሷን ይማረው። አሰልጣኝ ታደለ አለ፣ የሱሉልታን ታዳጊ ሯጮች ከራሱ ኪስ እየጨመረ ያሠለጠነ ሰው፤ እሱም አርፏል። ኦቦ ለታ አሉ፣ ከቤታችን ጀርባ ያርሱ የነበሩ ገበሬ። ኤልዳና አለች፣ የሰናይት ልጅ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን አልተወለደችም፣ የተቀበረውን ያስወጣችኝ ግን እሷ ናት። ስድስተኛው እኔ ነኝ፣ ይርጋ፣ ግንበኛ። የትምህርት ቤት ወንበር ላይ አንድ ቀን ተቀምጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት መራቤቴ ሳለሁ ከየኔታ እግር ሥር ነው፤ ስሌትን ግን የተማርኩት ለብቻዬ፣ በባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ በእርሳስ እየደመርኩና እየሰረዝኩ ነው። ለብቻው የተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ሲማር የሚያርመው ስላልነበረ፣ በኋላ የሚያርመው ሰው ሲመጣ ጠላት ይመስለዋል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሰበታ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሰናይትን እጠብቅ ነበር። ካፊያ ነበረ። አንድ ሰው በግ እየጎተተ በአጥሬ ሥር አለፈ። በጉ የታሰረበት የቃጫ ገመድ ዝናብ ጠጥቶ ጠቁሯል። ቃጫ ሲርስ የራሱ ሽታ አለው፤ የረጠበ ጆንያና የረጠበ ድርቆሽ ይሸታል፣ ትንሽም ይኮመጥጣል። ዛሬ ገመዱ ሁሉ ናይሎን ሆኗል፤ ናይሎን ምንም ስለማይሸት ምንም አያስታውስም። ያ ሽታ ግን ሰውዬው ከነበጉ ካለፈ በኋላም በረንዳው ላይ ቀረ፤ እኔንም ሃያ ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ ጎትቶ ሱሉልታ ሜዳ ዳር አቆመኝ።

ሱሉልታ ያን ጊዜ የድርቆሽና የወተት አገር ነበረች። ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ተሳፍረህ እንጦጦን ስትሻገር ብርዱ በመስኮት ገብቶ ጉልበትህ ላይ ይቀመጣል። ታሪፉ ሁለት ብር ነበር፤ ረዳቱ ሃምሳ ሳንቲም ልጨምር ያለ ቀን ተሳፋሪው በሙሉ እንወርዳለን ብሎ ያስፈራራዋል፣ አንድም ሰው ግን አይወርድም። ቁልቁል ስትወርድ ሜዳው ከዳር እስከ ዳር ይታይሃል፤ በክረምት ውኃ ያቁራል፣ መስከረም ላይ ቢጫ ይለብሳል፣ ኅዳር ሲገባ የድርቆሽ ክምር ይደረደርበታል። አሁን በዚያው መንገድ ስታልፍ የሚታይህ የብሎኬት አጥር ነው፤ ከብሎኬቱም ጥቂቱን የደረደርኩት እኔ ስለሆንኩ ማማረር አይገባኝም። ወፍጮ ቤቱ ጥግ ላይ አንዲት የካሴት ሱቅ ነበረች። ባለሱቁ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ አንዱን ዘፈን ካሴቱ እስኪያለቅስ ድረስ ይደጋግመዋል፤ አማርኛው ሲያልቅ ኦሮምኛ፣ ኦሮምኛው ሲያልቅ አማርኛ። አጠገቡ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በሃምሳ ሳንቲም፤ በአንድ ብር ሆድህን አስይዘህ ሥራ ትገባለህ። ሯጮቹ ጠዋት የሚሰበሰቡት በዚያ ጥግ ነበር። ቱታቸው ከልባሽ ጨርቅ ተራ የተገዛ፣ ላዩ ከታቹ የማይገጥም። ከውጭ ውድድር የተመለሰ ሯጭ አሮጌ ጫማውን ሊሸጥ ነው ከተባለ ሰፈሩ በሙሉ ቁጥሩ ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። የሰናይት የመጀመሪያ የሩጫ ጫማ ሁለት ቁጥር ይበልጣት ስለነበር እናቷ ጫፉ ውስጥ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅጥቃበት ነበር።

ልጄ ፈጣን መሆኗን ያወቅሁት በሽሮ ነው። ከቤታችን ግማሽ ሰዓት በሚያስኬድ ቦታ የአንድ ነጋዴ መጋዘን እገነባ ነበር፤ ምሳዬን የምታመጣልኝ እሷ ነበረች። የሌሎቹ ግንበኞች ምሳ ሁልጊዜ በርዶ ይመጣል። የእኔን ሽሮ ክዳኑን ስከፍተው ይጨሳል። ሠራተኞቹ ሚስትህ ከመጋዘኑ ጀርባ ደብቃ ነው እንዴ የምትሠራልህ እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አንድ ቀን የእንጨት መወጣጫው፣ ስካፎልዱ ላይ ሆኜ ስትመጣ አየኋት፤ ምሳ ዕቃውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ፣ አንድ ጠብታ ሳታፈስ፣ ሜዳውን በቀጥታ ትሰነጥቀዋለች። በማግሥቱ ወደ ታደለ ወሰድኳት።

ታደለ ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ሰው ነበር። ልጆቹን የሚያስሮጣቸው ጥቂት ነው፤ ቀሪውን ጊዜ ያጫውታቸዋል፣ ገመድ ያዘልላቸዋል፣ ያስቃቸዋል። እኔ ይህን ስንፍና አድርጌ ቆጠርኩት። ሰናይት በታዳጊዎቹ ውድድር ሁለት ጊዜ አንደኛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ነው አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ለአዋቂዎች ቡድኑ ሴት ሯጮች እንደሚፈልግ የሰማሁት። መኝታ አለው፣ ምግብ አለው፣ ደመወዝ አለው። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሦስት ሺህ ሜትርን ከአሥር ደቂቃ በታች። ታደለን ጠየቅሁት። በስታዲየሙ ትራክ ላይ ባለፈው ወር አሥር ደቂቃ ከሃያ ሦስት ሰከንድ እንደገባች ነገረኝ፣ ለዕድሜዋ ድንቅ ነው አለ፣ ግን ሁለት ዓመት ከእኩዮቿ ጋር መቆየት አለባት።

እኔም ዛፍ የሚቃናው በለጋነቱ ነው አልኩት።

«ልክ ነው ጋሽ ይርጋ፣ ለጋ እንጨት ይቃናል» አለኝ። «ጣሪያ ግን አይሸከምም። ይህንን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።»

አውቀው ነበር። ግን አንድ የሩጫ አሰልጣኝ በገዛ ሙያዬ ሲመክረኝ ጆሮዬ ተደፈነ። ልጄን ለራሱ ሜዳሊያ ሊያስቀራት ነው ብዬ ጠረጠርኩት፤ ለዘነበችም እንደዚያው አልኳት። ዘነበች እሱ እኮ ጫማ የገዛላት ሰው ነው አለችኝ። ትራኩ ያስፈራት ይሆናል እንጂ በአገሯ መሬት ላይ ከዚህ በታች እንደምትገባ ለራሴ አሳመንኩ። ስለዚህ በአገሯ መሬት ላይ ሦስት ሺህ ሜትር ልለካ ተነሣሁ።

ያን ጊዜ የነበረኝ የብረት ሜትር አምስት ሜትር ብቻ ነበር። ለመሠረት የምጠቀመው በእጄ የገመድኩትን የቃጫ ገመድ ነው፤ ልክ ሃምሳ ሜትር፣ በየአምስት ሜትሩ ቋጠሮ ያለው። በዚያ ገመድ ከሱሉልታ እስከ ፉሪ የስንቱን ቤት መሠረት ጥያለሁ፤ አንዱም ግድግዳ ተዛብቶ አያውቅም። ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንድ ጠዋት ሰናይትን ይዤ ወጣሁ። እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን። ሣሩ እስከ ጉልበታችን ያረጥበናል፤ ገመዱ ጭቃና ውኃ ውስጥ እየተጎተተ ነው። ኦቦ ለታ በሬዎቻቸውን ይዘው ሲያልፉ ቆሙ። «አካም ቡልተን፣ ኦቦ ይርጋ» ብለው ሰላም አሉኝና ምን እየሠራን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው ገመዱን በሁለት ጣታቸው ዳሰሱት።

«እኔ በክረምት በሬ በቃጫ አላስርም» አሉ። «ማታ አላልተህ ታስረዋለህ፤ ጠዋት ዝናቡ አጥብቆት፣ በሬው ምላሱን አውጥቶ ታገኘዋለህ።»

«ኦቦ ለታ፣ ይሄ እኮ የበሬ ገመድ አይደለም፤ የመለኪያ ገመድ ነው» አልኳቸው።

እሳቸውም ቃጫው ራሱ ይህን ያውቃል ወይ ብለው ሳቁና በሬዎቻቸውን ነድተው ሄዱ። እኔም ሳቅሁ። በልቤ፣ ማረስ ሌላ መለካት ሌላ፣ አልኩ። ሠላሳ ጊዜ ገመዱን ዘርግተን መነሻውም ጫፉም ላይ በኖራ የተቀባ ነጭ ድንጋይ ተከልኩ። መሄጃው ሺህ አምስት መቶ፣ መመለሻው ሺህ አምስት መቶ።

የክለቡ ሰው በሳምንቱ ሊያያት መጣ። ታደለ ጫንጮ ለቅሶ ሄዶ ነበር፤ ያን ቀን የመረጥኩት አውቄ መሆኑንም አልደብቅም። ሰውዬው ነጫጭ ድንጋዮቹን፣ ቋጠሮ ያለውን ገመዴን፣ በደብተሬ የጻፍኩትን ስሌት አየና እንዲህ ተጠንቅቆ የሚለካ አባት አይቼ አላውቅም አለ። ሰናይት ሮጠች። ዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ ስድስት ሰከንድ። ሰውዬው ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየው። ልጄ ጎንበስ ብላ ትንሽ ተነፈሰችና ወደ ነጩ ድንጋይ ዞራ አየች።

«አባባ፣ ዛሬ መንገዱ አጠረብኝ» አለችኝ።

«መንገድ ለጠንካራ ሰው ሁልጊዜ አጭር ነው» አልኳት። ይህን አባባል በራሴ አፍ ስላመጣሁት በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመት የሆናት ልጅ እግሯ እውነቱን ነገራት፤ አባቷ ደግሞ በምሳሌ ዘጋባት።

ታደለ ከለቅሶ ሲመለስ የክለቡ ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ። መጥቶ ድንጋዮቹን አየና በምን እንደለካሁት ጠየቀኝ። አብረን እንደገና እንለካው አለኝ፣ በትሕትና። እኔ ግን ሌባ የተባልኩ ያህል ተቆጣሁ። የሠላሳ ቤት መሠረት የጣለ ገመድ ባንተ ይፈተናል ወይ አልኩት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በዚያ በካሴት ሱቁ ጥግ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ አቋረጥን። የሠላሳው ቤት መሠረት በሙሉ በበጋ እንደተጣለ ያን ጊዜ አላሰብኩም። በክረምት መሠረት የሚቆፍር የለም፤ ገመዴም ከዚያ ጠዋት በፊት ዝናብ ነክቶት አያውቅም ነበር።

ሰናይት ከአዋቂዎቹ ጋር ተቀላቀለች። ከሃያ ዓመት በላይ ከሆናቸው ሴቶች ጋር፣ በዘጠኝ ደቂቃ ከአርባ ስድስት ሒሳብ ትሠለጥን ጀመር። በትራክ ላይ ግን አሥር ከሃያ ገባች። ወራት ቆይቶ አሥር ከአሥራ ሰባት። አሠልጣኞቿ ሱሉልታ ላይ የሮጠችውን ለምን እዚህ አትደግመውም ይሏታል። እኔም በየወሩ እየሄድኩ ይህንኑ እላታለሁ። ምግቡ አሰነፈሽ፣ ከተማ አሰነፈሽ። እሷ መልስ አልነበራትም፤ አንድ ቀን የሮጠችው ሰዓት ከፊቷ እየሮጠ ልትደርስበት ያቃታት ልጅ ምን መልስ ይኖራታል። በበዓል ስትመጣ እናቷ እግሯን በሙቅ ውኃ ታሽላት ነበር፤ ታሻትና ወደ እኔ ታያለች።

ሁለተኛው ክረምት ላይ ፉሪ አንድ ባለቤት ክረምቱን ሳይጠብቅ አጥር ሊያስገነባ ቸኮለ። መሃንዲሱ በብረት ሜትር፣ እኔ በገመዴ ለካን። እሱ ሃምሳ ያለውን እኔ ሃምሳ ሦስት አልኩ። ደግመን ለካን፤ ያው። መሃንዲሱ ሳቀና «ጋሽ ይርጋ፣ ገመድዎ ዝናብ ጠጥቶ አጥሯል» አለኝ። የብሎኬት ክምር ላይ ተቀመጥኩ። የኦቦ ለታ በሬ ምላሱን አውጥቶ ፊቴ ቆመ። በማግሥቱ የመሃንዲሱን ሜትር ተውሼ ለብቻዬ ሱሉልታ ሜዳ ወረድኩ። ከድንጋይ እስከ ድንጋይ፣ ሺህ አራት መቶ አሥር። ሦስት ጊዜ ለካሁ። የጫፉን ድንጋይ ነቅዬ ወንዝ ውስጥ ጣልኩት።

እስከዚህ ያለው ስሕተት ነው፤ ስሕተት ሰው ላይ ይደርሳል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ስሕተት ብዬ መጥራት አልችልም። በዚያው ሳምንት ክለቡ ሄድኩ፣ ልነግራት። መንገዱን ሁሉ ቃላቱን ስደረድር ነበር። ከነገርኳት ታደለ ይሰማል። ሱሉልታ ይሰማል። በገመዴ መሠረት ያስጣሉ ሰዎች ሁሉ ይሰማሉ። ሰናይት እያነከሰች ወጣች። ቅልጥሟ ከውስጥ እንደሚያማት፣ በዚያ ሳምንት አሥር ከአሥራ አምስት እንደገባች፣ ልታቋርጥ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እኔም አፌን ከፈትኩና እንዲህ አልኳት፤

«አንድ ቀን የቻልሽውን ነገር አቃተኝ ማለት ስንፍና ነው።»

ገመዱን ካወቅሁ በኋላ ነው ይህን ያልኳት።

ወር ሳይሞላ፣ ውድድር ላይ፣ አጥንቷ ተሰነጠቀ። ሁለት ጊዜ ጀሶ ታሰረላት። ክለቡ አሰናበታት፤ እሷም ስለ ሩጫ ዳግመኛ አላወራችም። ስፌት ተማረች፣ አገባች፣ ቡራዩ ገባች። ዝናብ ሲመጣ ግራ እግሯ ይነግራታል። እኔም ከዘነበች ጋር ሱሉልታን ለቅቀን ሰበታ መጣን፤ ለሰው ሥራ ስለሚቀርበኝ ነው እላለሁ። ታደለ ሲሞት የሰማሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። በሕይወት ሳለ ዐሥር ጊዜ ያህል መንገድ ላይ አይቼው፣ ዐሥሩንም ጊዜ ወደ ማዶ ተሻግሬያለሁ።

ያን ቅዳሜ ሰናይት ኤልዳናን ይዛ መጣች። ኤልዳና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ትዘላለች። ሰናይት ፎጣዋን አራግፋ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። የትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ኤልዳናን ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ወደ አሥራ ሰባት ዓመት በታች ሊያሳድጋት ይፈልጋል፤ ወላጅ መፈረም አለበት።

«እርስዎ ይንገሩኝ አባባ» አለችኝ። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ አንድ ቀን የሮጥኩትን መድገም ያቃተኝ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ለሌላ አይፈርድም።»

አቀማመጧ የሚያጉረመርም ሰው አቀማመጥ አይደለም። ይህን የተናገረችው ቁመቷን ወይም የተወለደችበትን ወር እንደምትናገር ሁሉ፣ የታወቀ ነገር አድርጋ ነው። በጉ ካለፈ በኋላ የቀረው ሽታ ገና በረንዳው ላይ ነበር። ሰው እስከ መቃብሩ ደጃፍ ሊሸሽ ይችላል፤ እኔ ግን ደከመኝ። ነገርኳት። የረጠበውን ሣር፣ የኦቦ ለታን በሬ፣ የፉሪን አጥር፣ ወንዝ የጣልኩትን ድንጋይ። ክለቡ በር ላይ ያልኳትን ስላት ገመዱን አውቄ እንደነበር ጭምር።

«ስንት ነው ያጠረው?» አለች በመጨረሻ።

«መቶ ሰማንያ ሜትር።»

ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ በከንፈሯ ታሰላ ጀመር። ስሌት ከእኔ ነው የወረሰችው። «ሠላሳ ሰባት ሰከንድ» አለች። «ዘጠኝ ከአርባ ስድስት ላይ ሲደመር፣ አሥር ከሃያ ሦስት። ጋሽ ታደለ ትራክ ላይ የያዘልኝ ሰዓት ነው።» ሌላ ጣት አጠፈች። «ከዚያ አሥር ከሃያ። አሥር ከአሥራ ሰባት። በታመመ እግሬ አሥር ከአሥራ አምስት።» ቀና ብላ አየችኝ።

«ስለዚህ እየፈጠንኩ ነበር ማለት ነው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል።

«እማዬ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም።»

«ሰነፍ ልጅ አለችኝ ብላ ነው የሞተችው?»

«እናትሽ ሰነፍ ብላሽ አታውቅም» አልኳት። «ሰነፍ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር። ኤልዳናን ከውስጥ ጠራቻትና ከትልልቆቹ ጋር መሮጥ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቷ እኔን አየች፣ እናቷን አየች። እዚያ ጓደኛ የለኝም አለች፣ ቀስ ብላ፣ ጥፋት እንደምትናገር። ሰናይት ወረቀቱን ሳትፈርም አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ ልጄን ትፈልጊያለሽ ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ስትወጣ እንደ ወትሮዋ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ መሐል ላይ ግን እግሯ ያዛትና በአጥሩ ተደግፋ ቀና አለች። ኤልዳና ክንዷን ያዘቻት። ጉልበቴን ሳትስም ሄዱ። እስካሁን አልመጣችም።

ታደለ ሰላምታዬን ሳያገኝ ሞተ። ዘነበች ጥያቄዋን እንደያዘች ሞተች። ሰናይት እየፈጠነች ሳለ ሰነፍ ነኝ ብላ ሃያ ዓመት ኖረች። እኔም ዝምታዬን እንደ መሠረት አድርጌ ቤት ሠርቼበት ኖርኩ። እንደ ልማዴ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ደመርኩት፤ ደግሜም ደመርኩት፤ በዚህ ዕድሜዬ ማረም የማይቻል ስሌት ይህ ብቻ ነው። ሁላችንንም ያስከፈለን ሒሳብ፣ ልጄ በጣቷ እንዳወጣችው፣ ሠላሳ ሰባት ሰከንድ ነው።